በእኔ ስም የተደረገ ፍትሐት

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ጅዳ ከተማ፣ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ ወደ አንድ የስልክ ሱቅ ስገባ አንዲት ልጅ አየችኝና ጮኸች። የያዘችው ከረጢት ከእጇ ወደቀ። የአገሬ ልጅ የትናየት ነበረች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች።

«በስመ አብ! ጋሼ ደርበው፣ ሞተው አልነበር እንዴ?» አለችኝ እያማተበች። «ትናንት እናቴ ዘንድ ደውዬ አብረን አለቀስን እኮ! ፍትሐትዎ ተደርጓል። ሚስትዎ ጥቁር ለብሳለች።»

ያን ሰሞን በሕይወት መኖሬን እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር።

የሱቁ ባለቤት ሙሐመዲን ወላጆቹ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እሱ የተወለደው መካ፣ ዛሂር ሰፈር ነው። ወደ ጓዳ አስገብቶ ውሃ ሰጠን። እዚያ ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳት።

እኔ በባሕር የገባሁ ነኝ፤ የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ኢቃማው፣ የለኝም። ታናሽ ወንድሜ ውብሸት ግን ነበረው። ፖሊሶች ወረቀት የሌለውን ለማፈስ በጠዋት ሩዋይስ ሰፈር ያለችውን ክፍላችንን ሲያንኳኩ ውብሸት ኢቃማውን ኪሴ ውስጥ ከተተና «አንተ ሦስት ልጆች አሉህ፤ እኔ የለኝም» አለኝ። መልካችን አንድ ነው። «ደርበው እባላለሁ፤ ኢቃማ የለኝም» ብሎ ወጣላቸው። በዘጠነኛው ቀን የተያዙት በሚቆዩበት መጠለያ ውስጥ በትኩሳት ሞተ። አብረውት የነበሩት «ደርበው ሞተ» ብለው አገር ቤት ደወሉ።

«እና ዝም አሉ?» አለችኝ የትናየት።

«ዝም አልኩ። እናቴን ሁለት ጊዜ እንዴት ላስለቅሳት? እሱ በስሜ ከሞተ እኔም በስሙ እዚሁ ልቅር ብዬ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከዳቦና ከውሃ በቀር አልቀመስኩም። ነፍስ በነፍስ ነው፤ ካሳዬን እየከፈልኩ ነው።»

«ስለ እርስዎ ለሞተው ለጌታስ እንዲህ ነው የሚከፍሉት?»

«በጾም በስግደት እከፍላለሁ እንጂ!»

«አይከፈልም፣ ጋሼ። ጾሙ ምስጋና ነው እንጂ ካሳ አይደለም። በርባንን ያስታውሳሉ? ጌታ በእሱ ፈንታ ተሰቀለ፤ እሱ ተፈታ። በርባን ተመልሶ ‹ካልታሰርኩ› እያለ የእስር ቤቱን በር ቢደበድብ ምን ይሉታል?»

«በርባን ወንበዴ ነበር!»

«እርስዎስ ለፖሊሱ ምንድን ነዎት?»

ሙሐመዲን ከባንኮኒው ሆኖ ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፤ ውብሸት ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው አፈርኩ።

«ተይ፣ አንቺ ልጅ» አልኳት። «ውብሸት ሞቶልኛል። ቤዛዬ እሱ ነው።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቤዛስ አንድ ነው። ውብሸት ወዶዎት ቦታዎን ያዘ፤ ነፍስዎን ግን አላዳነም፤ የራሱንም ማዳን አይችልም። እሱም እንደ እኛው ምሕረት ፈላጊ ነው። ታዲያ ማን ለመነለት? ካህኑ በፍትሐቱ ላይ የጠሩት የማንን ክርስትና ስም ነው?»

የተጠራው ገብረ ማርያም፣ የእኔው ስም ነው። እኔ በእግሬ እየሄድኩ ተፈትቻለሁ፤ በክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል የሚባለው ወንድሜ ግን ስሙን የሚያነሣለት ሳይኖር አፈር ለብሷል። ካሳ የመሰለኝ ዝምታ ለካ እሱን ጸሎት ነፍጎት ኖሯል።

«እናቴስ?» አልኳት።

«በሕይወት ላለው እያለቀሰች የሞተውን ስትጠብቅ ትኑር?»

ሙሐመዲን ስልኩን ዘረጋልኝ። «አያ ደርበው፣ የእናንተን ሃይማኖት እኔ አላውቅም። ግን ወላሂ፣ ሙት ስልክ አይደውልም። ያላ፣ ደውል!»

ደወልኩ። እናቴ ድምፄን ስትሰማ «ውብሸት?» አለች።

«ደርበው ነኝ፣ እማ።»

እልል ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ውብሸትስ?» አለችኝ።

በሳምንቱ ፍትሐቱ በኃይለ ሚካኤል ስም ተደረገ። ሚስቴ ጥቁሯን አወለቀች፤ ልጆቼ አባት አገኙ፤ እኔም እህል ቀመስኩ። እናቴ ጥቁሯን እስካሁን አላወለቀችም፤ አሁን ግን የምታለቅሰው ለሞተው ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ሰው ስለ አንተ ቢሞት ራስህን አትግደልለት፤ ኑርለት፤ ስሙንም በእውነት አስጠራለት። ይህን የምጽፈው ሁሉ ገብቶኝ አይደለም። ለምን እኔ ሳልሆን እሱ ሆነ የሚለው ዛሬም ይምታታብኛል።

ወደ አገሬ ለመመለስ እጄን የሰጠሁ ዕለት መዝጋቢው በአስተርጓሚ ስሜን ጠየቀኝ። የወንድሜን ኢቃማ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና «ደርበው» አልኩት። ዝርዝሩን አገላብጦ «እሱማ ሞቷል» አለ።

«የሞተው ወንድሜ ነው» አልኩት። «ስሙ ውብሸት ነው። ጻፈው።»