አባባ ዋጊዮ የቀኑበት ማኅበር

በጃቫ ደሴት፣ ከሶሎ ከተማ ወጣ ባለች መንደር፣ አባባ ዋጊዮ ከሩዝ ወፍጮ ሲመለሱ ከመንደሩ ነርስ ከወኒንግ ጋር መታጠፊያው ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሊሸሿት አስበው ነበር፤ ነገር ግን የሩዝ ከረጢት ተሸክሞ የሚሮጥ ሽማግሌ ማን አይቶ ዝም ይላል?

«አባባ፣ እማማ ሱታርሚን ወደ ማኅበራችን ካመጧቸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ታመሙ እንዴ?»

«የታመምኩትስ እኔ ነኝ! ያ ጊማን የሚሉት ጥርሰ ወላቃ አሁንም ይመጣል?»

«ይመጣሉ።»

«እንግዲያው እኛ አንመጣም።»

የዋጊዮ ባለቤት እማማ ሱታርሚ አርባ ዓመት ሙሉ ከእርድና ሁመር ከሚባል ጎምዛዛ ፍሬ የተቀመመ የመድኃኒት መጠጥ በጠርሙስ ሞልተው፣ በጀርባቸው አዝለው፣ በየደጁ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ዛሬ አልዛይመር የተባለው የመርሳት ደዌ ይዟቸዋል። ወኒንግ እንደ እርሳቸው ያሉትን አረጋውያን በሳምንት ሁለት ቀን በመንደሩ አዳራሽ ሰብስባ የመድኃኒት ሥራ ሥር ታስሸትታቸዋለች፣ የድሮ ዘፈን ታስዘፍናቸዋለች፣ ታጫውታቸዋለች። እቤት ሳህን የሚወረውሩት ሱታርሚ እዚያ ሲደርሱ በጡረተኛው የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ በጊማን ቀልድ ይስቃሉ። ይህ ሳቅ ነው የባልን አንጀት ያሳረረው።

«ሃምሳ አንድ ዓመት!» አሉ ዋጊዮ። «ገላዋን የማጥብላት እኔ፣ የማበላት እኔ፤ ሳቋ ለሱ! አንቺ ብትሆኚ አትቀኚም?»

«እቀናለሁ እንጂ። ግን ጠዋት ሲነሱ እማማን ምን ይሏቸዋል?»

«‹እኔ ማነኝ? ስሜን ጥሪ› እላታለኋ! እንዳትረሳኝ ነዋ።»

«ቢያቅታቸውስ?»

«ደግሜ እጠይቃለሁ።»

«በየማለዳው ፈትኖ የሚጥልዎትን መምህር ይወዱት ነበር?»

«አራተኛ ክፍል ላይ ጥዬ የጠፋሁት ለምን ሆነና!» አሉ ሳያስቡት፤ ወዲያውም ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አባባ ጊማን ስም አይጠይቁም። ‹የቱ ይጣፍጥሻል?› ነው የሚሏቸው። ምርጫ ስሕተት የለውም፤ ያላፈረ ሰው ደግሞ አይቆጣም።»

«ሥር ማሽተት በሽታ ይፈውሳል? የአረጋዊ ክብሩ ዕረፍት ነው፣ ልጄ።»

«አይፈውስም፤ አልዋሽዎትም። የጠፋውንም ሁሉ አይመልስም። ግን ሰው ያላጫወተው አእምሮ ይከፋዋል፣ ይሸበራል። ይንገሩኝ እስቲ፤ እማማ አሁን እቤት እያረፉ ነው?»

ሽማግሌው ከረጢታቸውን መሬት አስቀመጡ። ሚስታቸው መንገድ ወጥተው እንዳይጠፉ ከውጭ ቆልፈውባቸው ነበር።

«በሩን እየደበደበች ነው» አሉ።

በማግስቱ ሚስታቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ መጡ፤ ራሳቸውም በሱታርሚና በጊማን መካከል እንደ ግንብ ተቀመጡ።

«አውቶቡሱ ሞልቷል» አሉ ጊማን፣ «ግን ለአንተ ጠጋ ጠጋ እንላለን!»

ዋጊዮ አልሳቁም። ከፊታቸው ከተዘረጉት ሁለት ሥሮች አነሡና ወደ ሚስታቸው ዘረጉ። ‹ስሜን ጥሪ› የሚለው አፋቸው ድረስ መጣ፤ ዋጡት። «ሳል ለያዘው ሰው የቱ ይሻላል?»

ሱታርሚ አሸተቱ። «ይሄማ ደርቋል! የትኛው ሌባ ሸጠልህ? ያንኛውን፣ ከዘንባባ ስኳር ጋር» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያ ሳቅ የባላቸው ሆነ።

ሁለት ወር አለፈ። ክፉ ቀን ጨርሶ አልጠፋም፤ ሆኖም ሳህኑ ከመደርደሪያው አይወረወርም፣ የማታው ልቅሶ ቀንሷል፣ እንቅልፍና ምግብ ተስማምቷቸዋል፣ ቁልፉም ከበሩ ወርዷል። ዋጊዮም ከፈታኝነት ወደ ጨዋታ ወዳጅነት በመዛወራቸው ራሳቸው ዕረፍት አገኙ። የታመመን ዘመድ ማክበር ማለት ከሥራና ከጨዋታ ማግለል እንዳልሆነ፣ የሚችለውን እያሠሩ ሐሳቡን መጠየቅ እንደሆነ ለጎረቤት የሚያስረዱት ዛሬ እርሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ ሱታርሚ ወደ ዋጊዮ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «አንተ ሰውዬ ደግ ነህ» አሉ በሹክሹክታ። «ግን አጠገቤ ስትቀመጥ ተጠንቀቅ። ባሌ ቀናተኛ ነው።»

«ቅናቱን ትቷል ሲሉ ሰማሁ» አሉ ዋጊዮ፣ ወንበራቸውን ይበልጥ እያስጠጉ።