ውኃ ለወልደ ሚካኤል

በጣሊያን ጊዜ ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በእህል ካሚዮን ስሄድ፣ አጠገቤ የማይተዋወቁ አንዲት እናትና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር።

«ወዴት ነሽ፣ እቴ?»

«ማርቆስ፣ ወኅኒ ቤት። ልጄን አስረውብኛል።»

«ምን አድርጎ?»

«ችግኝ ተክሎ።»

«ችግኝ የተከለ ይታሰራል?»

«የመንደራችንን የሚካኤል ጥድ ጣሊያኖቹ ለሰፈራቸው ጨፈጨፉት። ወጣቶቹ ማንም ሳያዛቸው እንደገና ይተክሉ ጀመር። ልጄ አባቱ ከሞተ ወዲህ ከመደብ አይነሳም ነበር። ያኔ ግን ዶሮ ሲጮህ ውኃ ተሸክሞ ይወጣል።»

«የተባረከ። ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ማንም የራሱን ችግኝ ውኃ እንዳይረሳ ብለው፣ እንደ ክርስትና ልጅ ለየችግኙ ስም አወጡ። የልጄ ችግኝ ስም ወልደ ሚካኤል ነው። አንድ ማለዳ ወታደሮች መንገድ ላይ አገኙትና በአስተርጓሚ፣ ውኃውን ለማን ነው የምትወስደው አሉት። ለወልደ ሚካኤል አለ።»

«ወይ ጉድ። ጫካ የገባ ሽፍታ መሰላቸዋ።»

«አዎን።»

«ወስዶ አያሳያቸውም?»

«አሳያቸው እንጂ። ስንዝር የማትሞላ ችግኝ ሲያዩ ቀለደብን ብለው ገረፉት፤ ያን ዕለት ማርቆስ ወሰዱት።»

«አሁን አንቺ ምን ይዘሽ ትለምኛቸዋለሽ?»

«የመንደራችን ቄስ ቀድመውኝ ሄደዋል፤ ለትልቁ ሹም ይመሰክራሉ። እኔም ወልደ ሚካኤልን ከነአፈሩ አውጥቼ ይዤዋለሁ፤ ይኸው፣ እዚህ ቅርጫት ውስጥ ነው።»

ለካ ከሉማሜ ጀምሮ እግሬን ያሳረፍሁት እዚያ ቅርጫት ላይ ነበር፤ ቀስ ብዬ እግሬን ሰበሰብሁ።