ያነሳት ሰው

ሰኞ ጠዋት፣ በአንዲት የአርሲ ከተማ፤ ዓይናቸው የጠፋ ጡረተኛው መምህር ገብረየስ ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው ወይንሸት በሩን ተደግፋ ቆማለች።

ወይንሸት፦ አትሄድም አልኩህ፣ አባዬ። ከዚህ በር አልነቃነቅም።

ገብረየስ፦ ሙዘይንን ፍርድ ቤት የሚያቀርቡት አራት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ስንት ሆነ?

ወይንሸት፦ አልነግርህም።

ገብረየስ፦ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሰምቻለሁ፣ ሦስት አልፏል። ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው ጆሮዬ ደህና ነው። እሱም በጠፋና ባረፍኩት።

ወይንሸት፦ ሄደህ ምን ልትላቸው ነው?

ገብረየስ፦ አስካለችን የገጫት ሙዘይን አይደለም፣ የኔ ልጅ አንዷለም ነው እላቸዋለሁ።

ወይንሸት፦ እንዲህ በቀላሉ።

ገብረየስ፦ ዛሬ አስራ አንደኛ ቀኔ ነው፣ እንቅልፍ ካየሁ። በቀላሉ አትበይኝ።

ወይንሸት፦ ሁለት ልጆች አሉት። ሚስቱ ወሯ ገብቷል። እነዚያ ጉልበትህ ላይ እየወጡ ተረት ንገረን የሚሉህ ልጆች ነገ አባታችን የት ሄደ ሲሉህ ምን ትላቸዋለህ?

ገብረየስ፦ የሙዘይን እናት በየቀኑ ምሳ ይዛ ጣቢያ ትመላለሳለች። በአጥራችን ሥር ነው የምታልፈው። እግሯን ትጎትታለች፣ አረማመዷን ለይቼዋለሁ። ለሷስ ምን ልበላት?

ወይንሸት፦ ሙዘይን ምናችን ነው? አንድ ሁለቴ በባጃጁ ክሊኒክ አድርሶህ ይሆናል። ዘመድ አይደለም፣ ጎረቤት አይደለም።

ገብረየስ፦ አስካለችስ ለሱ ምኑ ነበረች?

ወይንሸት፦ እሱን ተወው አሁን።

ገብረየስ፦ አልተወውም። መንገድ ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት። ጎህ ሲቀድ አስፋልት ላይ ተዘርራ አገኛት። ከሱ በፊት ሦስት መኪና አይቷት አልፏል። እሱ ቆመ። አቅፎ ባጃጁ ውስጥ አስተኛትና ሆስፒታል አደረሳት። ደሟ ወንበሩ ላይ ተገኘ፣ አንተ ነህ የገጨሃት ተባለ። እሷም አንድ ቃል ሳትተነፍስለት በሦስተኛው ቀን ሞተች። እስቲ ንገሪኝ፣ ይህ ልጅ ተፈርዶበት ቢገባ በዚህ ከተማ የወደቀ ሰው ከእንግዲህ ማን ያነሳል?

ወይንሸት፦ እኔ ስለ ከተማው ምን አገባኝ፣ አባዬ። እኔ አንድ ወንድም ነው ያለኝ።

ገብረየስ፦ ራሱ እንዲሄድ ለምኜዋለሁ። ረቡዕ እሺ አለኝ፣ አርብም እሺ አለኝ። ትናንት ደግሞ «አባዬ፣ በቃ እርሳው» ብሎኝ ወጣ።

ወይንሸት፦ ታዲያ እርሳዋ። ማን ያስገድድሃል? ይሄ ካልሄድኩ የሚያሰኝህ ነገር ከየት ነው የመጣው? ከእግዚአብሔር ነው እንዳልል፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጠህ አታውቅም። ከሕግ ነው እንዳልል፣ ሕጉ ያነሳትን ሰው ነው ያሰረው። ካስተማርክበት መጽሐፍ ነው?

ገብረየስ፦ መጽሐፉንማ ሦስቴ ቀየሩብኝ። ስቀጠር ግብረ ገብ ይባል ነበር፣ ንጉሥህን አክብር ይላል። ንጉሡ ወረዱ፣ መጽሐፉን ሰብስበው የፖለቲካ ትምህርት ሰጡኝ። እሱም ጊዜው አለፈና ሥነ ዜጋ መጣ። ሦስቱንም በዚሁ ድምፄ አስተምሬአለሁ።

ወይንሸት፦ አየህ፣ ራስህ አመጣኸው። የመጣው መንግሥት ሁሉ የሚጽፈው ነገር ነው። ለዚህ ብለህ ልጅህን ታሳስራለህ?

ገብረየስ፦ ስለ ደምሴ ነግሬሽ አላውቅም።

ወይንሸት፦ ደምሴ ማነው?

ገብረየስ፦ ሒሳብ አስተማሪ ነበር። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ነበር የምንኖረው። በቀይ ሽብር ጊዜ መምህራኑን ሁሉ ሰበሰቡንና ወረቀት የተበተነ ዕለት ደምሴ የት እንደዋለ የሚያውቅ ይናገር አሉን። ከኔ ጋር ነበር። ወባ ጥሎኝ፣ አንገቴን ደግፎ ውሃ ሲያጠጣኝ ነው የዋለው።

ወይንሸት፦ ተናገርክ?

ገብረየስ፦ ጫማዬን አየሁ። እስኪያወጡት ድረስ ጫማዬን ነበር የማየው።

ወይንሸት፦ ብትናገር አንተንም አይምሩህም ነበር።

ገብረየስ፦ አይምሩኝም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው እሳቸውም እንዳንቺ ነው ያሉኝ። ልጄ፣ ምን ታደርግ ነበር አሉኝ። ማንም አልወቀሰኝም። የሚወቅሰኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ውሃ ልጠጣ ባነሳሁ ቁጥር እጄን የሚይዘኝ ማነው? ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ወይንሸት። ሳስተምረው ስለኖርኩ የማውቀው መስሎኝ ነበር። መኖሩን ብቻ ነው የማውቀው።

ወይንሸት፦ እኔንም የሚይዘኝ አለ። እናቴ ስትሞት እሱ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አስራ አምስት። ትምህርቴን ትቼ አዘልኩት። ኩፍኝ ሲይዘው ሳምንት ሙሉ ከጀርባዬ አላወረድኩትም። አላገባሁ፣ አልወለድኩ። እሱ ነው ልጄ። ይሄስ ከየት መጣ? የኔስ ግብረ ገብ አይደለም?

ገብረየስ፦ ነው።

ወይንሸት፦ ታዲያ ያንተ ከኔ በምን ይበልጣል?

ገብረየስ፦ ይበልጣል አላልኩሽም። ይበልጣል ብዬ ባምን ኖሮ ያኔውኑ፣ በማግሥቱ እሄድ ነበር።

ወይንሸት፦ ብትሄድም አያምኑህም። ዳኛው ምን አየህ ይልሃል። የገዛ እጅህን እንኳ አታይም።

ገብረየስ፦ አየሁ እላለሁ።

ወይንሸት፦ ምኑን?

ገብረየስ፦ ዓይኔ ጨርሶ አልጠፋም፣ ጥላ ጥላ ይታየኛል እላለሁ። በር ላይ ቆሜ መኪናውን ይዞ ሲገባ አየሁት፣ መብራቱ ተሰብሯል፣ ደም ነበረበት እላለሁ።

ወይንሸት፦ ምለህ ልትዋሽ ነው? አንተ? የሰው እርሳስ በደብተሬ ውስጥ ተገኘ ብለህ በዝናብ እስከ እርሳሱ ባለቤት ቤት ድረስ የመለስከኝ ሰውዬ?

ገብረየስ፦ እዋሻለሁ።

ወይንሸት፦ ለምን?

ገብረየስ፦ የዚያን ቀን ግቢ ውስጥ የውሃው ጎማ መኪናው ላይ ሲረጭ ሰምቻለሁ። ጎማውን የያዘ አንድ ሰው ነበር። በጨርቅ የሚፈትግ ደግሞ ሌላ ሰው ነበር። የነጠላ ጫማዋን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ወይንሸት፦ አባዬ።

ገብረየስ፦ ስሟን አልጠራም። ያሳደግሽውን ልጅ በአፍሽ አሳልፈሽ ስጪ አልላትም፣ እሱን ያህል ጭካኔ የለኝም። ውሸቱም ኃጢአቱም የኔ ይሁን። አንቺ ብቻ አሳልፊኝ።

ወይንሸት፦ ከመብራቱ ሥር የአስካለች ሻሽ ቁራጭ ተይዞ ነበር።

ገብረየስ፦ አትንገሪኝ።

ወይንሸት፦ ሰማያዊ ነው። በጨርቅ አልወጣ አለኝ። በጥፍሬ ፈልቅቄ አወጣሁት። በዚያች ሰዓት እሷ ገና በሕይወት ነበረች፣ አባዬ። እኔ ሻሿን ከብረት ላይ ስለቅም ሙዘይን አቅፏት እየሮጠ ነበር።

ገብረየስ፦ በቃ፣ ልጄ። በቃሽ።

ወይንሸት፦ ቀኙ ነው ግራው መብራት ይሉሃል። አታውቅም። ያዋክቡሃል፣ ትደናገጣለህ፣ ባረጀህበት ዕድሜ ውሸታም ተብለህ ትመለሳለህ። ሙዘይንም እዚያው ይቀራል።

ገብረየስ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ንገሪኛ፣ ምን ላድርግ?

ወይንሸት፦ አንተ እቤት ሁን፤ ልጆቹ ለምሳ ሲመጡ ሰው ማግኘት አለባቸው። ያየሁት እኔ ነኝ።