ለሲሳይ ሰጠነው ያልነው ድምፅ

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ፣ ልጄ፣ ሰው አባቱ የት ተወለደ ተብሎ አይጠየቅም ነበር፤ ማረስ ያውቃል ወይ፣ ለቅሶ ይደርሳል ወይ፣ በቃ። ሲሳይን አታውቂውም አንቺ፣ አስተማሪ ሆነሽ ሳትመጪ ነው የሄደው። አባቱ ከላስታ የመጣ አማራ ነው፣ እሱ ግን እዚሁ ሰቆጣ ዙሪያ ተወልዶ አገውኛውን ከእኔ አሳምሮ ነው የሚናገረው። እኔ አንድ በሬ፣ እሱ አንድ በሬ፣ እያቀናጀን ስናርስ ኖርን። ታዲያ የሚካኤል ማኅበራችንም ሙሴ እሱ ነበር፣ አለቃችን ማለቴ ነው። ሁለት ሰው ተኳርፎ ጽዋ አያስጠጣም! «ታረቁና ጠጡ፣ አለዚያ ጠላውን እደፋዋለሁ» ይላል እና ጠላው እንዳይደፋ ስንል እንታረቃለን። (ሽማግሌው ሳቁ።)

ታዲያ ምርጫ መጣ። ለወረዳ ምክር ቤት ተወዳደር ብለን ያስገባነው እኛው ነን፣ ስሚኝ፣ እኛው! እና በኋላ ሌላ ተወዳዳሪ፣ አገው የሆነ የከተማ ልጅ፣ በመኪና መጣ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ «ወገኖቼ! የራሳችሁን ልጅ ትታችሁ ባዳ ትመርጣላችሁ?» አለ፣ አገውኛው እንኳ አፉ ላይ እየተሰባበረበት። እኛም ሳቅን፣ ሳቅን፣ እና ቤታችን ስንገባ ነገሩ አብሮን ገባ። «ሲሳይ ደግ ሰው ነው፣ ግን…» ይላል አንዱ። «ግን ምን?» ስትይው፣ «አይ፣ እንዲያው ነው» ይላል።

የምርጫው ቀን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ብቻዬን። የሲሳይ ምልክት አለ፣ እንስራ። የዚያም ልጅ ምልክት አለ። እጄ ወደ እንስራው ሄደ እና «ወገንህን ከዳህ ቢሉኝስ?» አልኩ። ማን ሊያየኝ? ማንም! ለማላውቀው ልጅ ምልክት አድርጌ ወጣሁ።

ታዲያ ስወጣ ሲሳይ መርጦ ከግቢው ውጭ ዛፍ ስር ቆሟል። ሳይጠይቀኝ፣ ምንም ሳይለኝ፣ «ላንተ ነው የሰጠሁት!» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወልዴ» ብሎ ጨበጠኝ። ለካ ማኅበርተኛው ሁሉ ተራ በተራ እንዲሁ ብሎት ኖሯል።

በማግስቱ ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ለሲሳይ ሁለት ድምፅ። የራሱና የሚስቱ።

የዚያ ወር ሚካኤል ተራው የእሱ ቤት ነበር። እንሂድ? እንቅር? ሄድን። እየዞረ ቀዳልን፣ «ጠጡ እንጂ፣ ምነው?» እያለ። እኛም ጽዋው ላይ አጎንብሰን ጠጣን፣ ልጄ። ሊያልቅ ሲል ጽዋውን ለእኔ አስረከበኝ፣ ተረኛው እኔ ነኝና። «ሌላ ሙሴ ምረጡ» አለ። «ምን አድርገንህ?» አልነው፣ አያሳፍርም? እሱም፣ «ምንም። ይኸኛውን ግን ፊት ለፊት ምረጡት፣ መጋረጃ የለውም» አለ። አዝመራው ሲገባ ዕቃውን ጭኖ ላስታ ሄደ። «እዚያ ማን አለህ?» ስለው፣ «ማንም የለኝም። አገርህ እዚያ ነው ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለኝ።

ናፈቀኝ፣ ልጄ። አሁን በሬዬን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጃለሁ፣ ሰውየው የእኛው ዘር ነው፣ ክፋትም የለበት፣ ግን ትልሙ ጫፍ ስንደርስ ዝም ነው። ሲሳይ በሬዎቹን ሳይቀር በአገውኛ እየተሳደበ ያስቀኝ ነበር። ያ ያሸነፈው ልጅ? እኔ እንጃ፣ ከተማ ነው መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አይቼውም አላውቅ።

(አስተማሪዋ፣ «አሁን ተመልሶ ቢወዳደርስ ይመርጡታል፣ አባ?» ብትላቸው፣ ሳቁ።)

«‹እንዴታ!› ልልሽ ነበር… ሲሳይንም እኮ ያኔ ዛፉ ስር እንዲሁ ነው ያልኩት።»