ከካርታው ጀርባ የተለጠፈው ብርጭቆ

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ዓንደማርያም የኖራ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ዓባ ሻውል ሰፈር ሲወጣ ፌርማታው ላይ መምህርት ስመኝን አገኛት። ባያገኛት በወደደ ነበር። እሱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፤ እሷ ከጎንደር ተመድባ የመጣች የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ዘበኛ ከአስተማሪ ጋራ መንገድ ላይ ቢቆም የሚያተርፈው ትእዛዝ ብቻ ነው።

«ኣቦይ ዓንደማርያም፣ ደህና ዋሉ? ይኼ ሁሉ ኖራ ለምንድን ነው?»

«ለሰኞው እንግዳ ነው፣ መምህርት። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚመጣው ሰው ግድግዳችንን ነጭ ሆኖ ያግኘው ብዬ። ከቤተ ክርስቲያንም አግዳሚ ወንበር ለምኛለሁ። ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ደግሞ እናቶቻቸው ሰኞን እቤት እንዲያውሏቸው ተናግሬያለሁ።»

ይህን ሲናገር ደረቱን ነፋ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤቱን ከሐፍረት ያወጣው ይህ ብልሃት ነው፤ ምስጋናውን ግን ሁልጊዜ ዳይሬክተሩ ይወስዱታል።

ስመኝ ሳቅ አለች። «እንግዲያው እርዳታውን በገዛ እጅዎ ለሌላ ትምህርት ቤት እየሰጡብን ነው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ይህኛው እንግዳ እንደ ወትሮው ንጽሕና ሊያይ አይመጣም። በጠቅላይ ግዛቱ ካሉት የተጎሳቆሉ ትምህርት ቤቶች ሦስቱ ብቻ የማደሻ እርዳታ ያገኛሉ፤ ነገሩ ውድድር ነው። ጉድለቱን በግልጽ የጻፈ፣ ወላጆች በጉልበታቸው ምን እንደሚያግዙም ያስፈረመ ያሸንፋል። የቃሓውታ ትምህርት ቤት ሰዎች ማመልከቻቸውን ከነሥዕሉ ትናንት አስገብተዋል። እርስዎ ጉድለታችንን ቀብተው ከጠበቁት፣ ሰውየው ‹እነዚህስ ደህና ናቸው› ብሎ ይመለሳል።»

«ቁስል እያሳዩ መለመን የደጀ ሰላም ነዳያን ሥራ ነው» አላት። «እኛ ገመናችንን ሸፍነን የኖርን ሰዎች ነን።»

«ነዳይ ለዕለት ጉርሱ ያሳያል። በሽተኛ ግን ለሐኪም የሚያሳየው እንዲድን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ሌላም የሰማሁት አለ።» ዓንደማርያም ዞር ዞር ብሎ አየ። ከፌርማታው ፊት ለፊት ባለው ቤት ሻሂ ደጃፍ ጋዜጣ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ገጹን ካገላበጠ ቆይቷል። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አናጢው በርሄን ያውቁታል? ስለ ውሃ ቧንቧ በተጻፈ ወረቀት ላይ ፈረመ። ስለ ውሃ ብቻ፣ መምህርት። አንድ ወር እስር ቤት አስቀመጡት። ዛሬ ‹ደህና ነህ ወይ?› ሲሉት እንኳ ከመመለሱ በፊት በሩን ያያል። እርስዎ ደግሞ የክፍልዎ ልጆች አርባ አባቶች ስማቸውን ይጻፉ ይሉኛል። እርስዎ ሲጽፉት ማመልከቻ ይባላል፤ እኛ ስንጽፈው ክስ ይሆንብናል።»

ስመኝ ፊቷ ቀላ። እንደ ብጤዎቿ ትቆጣለች ብሎ አስቦ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«እወ» ስትል በቋንቋው አዎ አለችው። «እውነትዎን ነው። ምንም አይመጣም ብዬ አልዋሽዎትም። እኔም ፈርቻለሁ። ዳይሬክተሩም ፈርተው ነው ‹አንቺ ጻፊው› ያሉኝ። የእኔን ስም ከሁሉ በላይ አስቀድሜ ጽፌዋለሁ። ግድግዳ ግን ሲወድቅ የማን ወገን ነህ ብሎ አይጠይቅም።»

ዓንደማርያም ትከሻው ላይ ያለው ከረጢት ድንገት ከበደው። «የቱ ግድግዳ?» አለ እንደማያውቅ ሰው።

«የእኔ ክፍል ነዋ። በየዓመቱ ይቀባል፣ በየዓመቱ ይሰነጠቃል። ቅጹ ‹የጉዳቱ ምክንያት ምንድን ነው?› ይላል፤ የምጽፈው ጠፋኝ። ደግሞ ከካርታው ጀርባ፣ ስንጥቁ ላይ፣ አንድ ሰው ቁራጭ ብርጭቆ በጄሶ ለጥፎ ነበር። ሐሙስ የጦር ካሚዮኖቹ ሲያልፉ ወደቀ። የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ጠርጌ ጣልኩት።»

ከረጢቱን መሬት አወረደው።

«ከጄሶው ተላቆ ነው የወደቀው? ወይስ መሐሉን ተሰብሮ?»

«መሐሉን። ግማሹ አሁንም እዚያው ተለጥፏል።»

የበርሄ ነገር ሲነሳ ፍርሃት የሚይዘው ከማጅራቱ ነበር። ይኼኛው ሌላ ፍርሃት ነው። አንዱ ፍርሃት ዝም በል ይለዋል፤ ሌላው ተናገር ይለዋል።

«የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ስንጥቅ የቆመ ይሁን የሚሄድ ግንበኛ የሚያውቀው እንዲህ ነው። ግድግዳው ዝም ካለ ብርጭቆው ይኖራል፤ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ጠዋት ጠዋት አየው ነበር። ሐሙስና ዓርብ ግን ለእንግዳው ወንበር ልመና ስዞር ዋልኩ።»

«ግንበኛ ነበሩ እንዴ?»

«ያንን ግድግዳ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ጓለይ።» እስከዚያች ሰዓት ልጄ ብሏት አያውቅም። «በእንግሊዝ ጊዜ ነው። ተቋራጩ ኖራውን ወደ ሌላ ሥራ ወሰደና በጭቃ አቁሙት አለን። የውጩንና የውስጡን የሚያያይዝ ማሰሪያ ድንጋይ የለውም፤ መሐሉ ፍርስራሽ ነው። ይህ አይሆንም ብል ካፖው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ በሰው ፊት በጥፊ መታኝ። በማግስቱ ያው በጥፊ የተመታሁት ሰው ተመልሼ ግድግዳውን ጨረስኩ። ዘበኛ ሆኜ ስገባ ለፊተኛው ዳይሬክተር ልነግር ሄድኩ። ገና አፌን ስከፍት ‹አንተ በርህን ጠብቅ› አለኝ። እኔም ስንጥቁን ኖራ እየቀባሁ በሬን ጠበቅሁ።»

«የልጅ ልጅዎ ኣልማዝ ከካርታው ሥር ነው የምትቀመጠው።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቁ?»

«ኖራ ስቀባ የማላውቅ ይመስለኝ ነበር።»

ትንቀኛለች ብሎ ጠበቀ፤ መናቅን ለምዷል። እሷ ግን ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ሌሎቹ ‹ቤታችን አርጅቷል› ብለው ይጽፋሉ። በግድግዳው ሆድ ውስጥ ያለውን የሚናገር ምስክር ያለን እኛ ብቻ ነን። ግን ስምዎ ይጻፋል።»

«ቢያስሩኝስ?»

«እንጃ፣ ኣቦይ። ሲጠይቁዎት አጠገብዎ እቆማለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለኝም። አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ሰኞ ጠዋት አርባ ሁለት ልጆች የት ይቀመጡ?»

ጋዜጣ የያዘው ሰው ቀና ብሎ አያቸው። በዚህ ጊዜ ዓንደማርያም ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«በለመንኩት ወንበር፣ ግቢው ውስጥ፣ ከግድግዳው ርቀው ይቀመጡ። ማንበብ ያልቻሉትም ይምጡ። ወረቀቱን አምጪው።»

ሰኞ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ሥራው ያልተነገረ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውም አብሮት ነበር። ዓንደማርያም ከግድግዳው አናት በክር የታሰረውን የግንበኛ ቱንቢ አወረደ። ክሩ ከግርጌው አንድ ስንዝር ርቆ ተንጠለጠለ፤ ግድግዳው ያን ያህል አዘንብሏል።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ፤ አሠራሩንም ከመሠረቱ ጀምሮ አስረዳ። ስመኝ ቃሏን ጠብቃ አጠገቡ ቆማለች። ሙሉ ስሙን ሲጠይቁት ሳያንሾካሹክ መለሰ፦ «ዓንደማርያም ወልደኣብ።» ተቆጣጣሪው ጻፈ። ባለመነጽሩም በራሱ ደብተር ጻፈ።

አምስት ሳምንት ሙሉ ማኪና ደጅ ላይ በቆመ ቁጥር ልቡ አብሮ ቆመ። በስድስተኛው ሳምንት የቆመችው ማኪና ሲሚንቶና ድንጋይ ጭና ነበር። ትምህርት ቤቱ ከሦስቱ አሸናፊዎች ሁለተኛ ወጥቷል። ከአርባው አባቶች የፈረሙት ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ ለሥራው ግን ከአርባ በላይ መጡ። በርሄም መጣ። «ስሜን አልሰጥም» አለ፣ «መዶሻዬን ግን ውሰዱ።» ግድግዳው ላይ ገመድ አስረው ገና አንዴ ሲስቡት እንዳለ ተዘረገፈ፤ ከሆዱ የወጣው ደረቅ ጭቃና ጠጠር ነበር። ያዩት እናቶች አፋቸውን ያዙ። ለመሸፈኛ የተገዛው ኖራ በአዲሱ ግንብ መሐል ማያያዣ ሆኖ ገባ።

ጥቅሙ በግድግዳው ብቻ አልቀረም። ሦስተኛ ክፍል ዝናብ በመጣ ቁጥር መበተኑ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ ይደበቁ የነበሩት ልጆች ቁጥራቸው በማመልከቻው ስለ ተጻፈ፣ ስመኝ በየቀኑ አንድ ሰዓት ለብቻቸው ታስነብባቸዋለች። ድንጋይ ያቀበሉ አባቶችም ‹ልጄ እንዴት ነው?› ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ጉድለቱን በገዛ አፉ የተናገረ ሰው ለመጠገንም መብት አለው፤ የደበቀው ግን ፍርስራሹን ይወርሳል።

ባለመነጽሩ ስሙን ለምን እንደ ጻፈው ዓንደማርያም ዛሬም አያውቅም፤ ሲያስበው ያ ፍርሃት ማጅራቱን ይይዘዋል። በአዲሱ ግድግዳ ላይ አዲስ ብርጭቆ ለጥፏል፤ ካርታው ወደ ሌላ ቦታ ስለ ተዛወረ ሁሉም ያየዋል። ጠዋት ጠዋት በሩን ለልጆቹ ሳይከፍት በፊት ገብቶ ብርጭቆውን በጣቱ ይዳስሰዋል። እስካሁን ሙሉ ነው።