በመስተዋቶቼ መካከል የነበረው ባዶ

ክቡራትና ክቡራን፣ መስተዋቶቼን ነቅላችሁ መጸዳጃ ቤት ሰቅላችኋል። ይህን ካልኩ በኋላ ለጡረታ መሸኛ ግብዣው አመሰግናለሁ። ጥብሱ ጥሩ ነው፤ በጉ የጣርማ በር መሆኑ ያስታውቃል።

ነገሩን ለማታውቁ አዲስ ሠራተኞች ልንገራችሁ። በዚህ ፋብሪካ የብርድ ልብስ ማሽን ስጠግን ኖሬ፣ ፊዚክስን ያለ መምህር ተማርኩ። ለዓመታት በገዛ እጄ ፈትጌ ያስተካከልኳቸውን ሁለት መስተዋቶች ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት አፋጥጬ መሣሪያ ክፍል አስቀመጥኩ። ለምን? ባዶ ቦታ ባዶ አይደለማ! ብርሃን ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ይንቀጠቀጣል። የተፋጠጡ መስተዋቶች ያን መንቀጥቀጥ ይገሩታል፤ በመካከላቸው የገባ ስስ ነገርም ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል፤ ኤሌክትሪክ አስተላለፉ ሳይቀር። የደብረ ብርሃንን ብርድ በባዶ አሞቃለሁ ግን አላልኩም። እሱን ያለው የሥራ ጓደኛዬ ገብረአብ ነው፤ ያውም ከጠጅ በኋላ።

ፈቃድ ወጥቼ ደነባ ሰንብቼ ስመለስ የጽዳት ዘመቻ ተደርጎ መስተዋቶቼ ተነስተዋል። የጠቅላላ አገልግሎቱን ኃላፊ ጃፈርን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ በመካከላቸው ምን ነበር?» አለኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ጠፋብዎ?»

እናንተ ሳቃችሁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ዛሬም አልስቅም።

የባሰው ደግሞ ኋላ መጣ። አንዱን ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ ሌላውን ትይዩ በሩ ላይ ሰቀላችሁና «ሠራ!» አላችሁኝ። የፈትል ክፍሏ ኩብራ እየሮጠች መጥታ፣ «ጋሼ፣ ወላሂ፣ ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ሲወጡ እንደምን አደራችሁ አሉን!» አለችኝ።

አቶ ዘርአ ዳዊት እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ይስሙ። ከተሾሙ ጀምሮ ሰላም ብለውን አያውቁም ነበር። ቢሆንስ? ክፍተቱ ሁለት ክንድ ነው! ከፀጉር የቀጠነ ነው ያልኩት። ሥራ አስኪያጁ ቢዘፍኑም አልቀበልም።

አሁን ደግሞ ይህን የተጠቀለለ ስጦታ ሰጣችሁኝ። ሳልፈታው እጄ አውቆታል። ግን አንድ ነው። አንድ መስተዋት ጢም ከመላጨት በቀር ምን ይሠራል? ሁለተኛው የታለ?

ጃፈር ቅድም በጆሮዬ፣ «እሱ እንኳ ይቅርልን ጋሼ፤ ካነሳነው ሰውዬው ተመልሰው ይዘጉናል» ብሎኛል።

አይ ጃፈር! አንዱን ነቅለህ ሰጥተኸኝ የቀረው ብቻውን ምን ሊያደርግልህ ነው? ጥንድ አይነጣጠልም። እንካ፣ መልሰህ ስቀለው። ለመሥራቱ ማስረጃ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ፈጣሪ ፊት ለፊት ያቁማችሁ፤ በመካከላችሁ ያለውን ክፍተትም ከፀጉር ያቅጥነው። እንጀራችሁ አይጉደል፣ ልጆቻችሁ ይደጉ፣ እናንተም በጤና ለዚህ ቀን ብቁ። ስለ መስተዋቶቹ ግን ከዚህ በር ከወጣሁ በኋላ አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።