ያልታሰበላቸው እጆች

«ልጄ፣ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው፤ እናትሽን የቀጠፋት በሽታው ብቻ አይደለም፣ የእኔም መርሳት አለበት።» ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ ይህን የነገሩኝ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ በተቀበረች ማግስት፣ ደጃችን ላይ አጠገቤ ቁጭ ብለው ነበር።

እትዬ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ትምህርታቸውን እስከ ኮሌጅ ተከታትለው በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኝታ ቤት ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ የቁልፋቸው ድምፅ ከእሳቸው ቀድሞ ስለሚደርስም ተማሪዎቹ «እትዬ ቃጭል» ይሏቸው ነበር። ከዩኒቨርሲቲው የአውቶቡስ ሹፌር ጋር ትዳር መሥርተው፣ ባለቤታቸው በሞት እስኪለዩዋቸው ድረስ በፍቅር ኖሩ፤ ልጅ ግን አልወለዱም።

ተላላፊ በሽታ ቢነሳ ዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚያደርግ የሚያቅደው ኮሚቴ ሲቋቋም፣ የመኝታ ቤቶቹ ጉዳይ ለእሳቸው ተሰጠ። የትኛው ሕንፃ ለሕሙማን እንደሚለቀቅ፣ ምግቡን ማን ደጃፍ እንደሚያደርስ፣ አምቡላንስ በየትኛው በር እንደሚገባ አንድ በአንድ አሰቡ፤ ልምምድም አደረጉ። በልምምዱ ታማሚ ሆኖ የተኛው ተማሪ የምሩን እንቅልፍ ቢወስደው፣ «ተዉት፣ የእኛ በሽተኛ እራት ሲደርስ ራሱ ይድናል» ብለው ኮሚቴውን አሳቁት። ይሁንና የልምምዱ አንሶላ ንጹሕ ስለነበረ፣ የታመመ ሰው የተኛበት አንሶላ የት እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም።

በሽታው የእውነት ሲመጣ ነርሶቹ ጓንት አጠለቁ፣ ምግብ አመላላሾቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፈኑ፤ በትውከት የራሰው አንሶላ ግን እንደወትሮው ተጠቅልሎ በጋሪ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደ። እዚያ ጥቅሉን በባዶ እጇ የፈታችው እናቴ ነበረች። ተማሪዎቹ በሙሉ ዳኑ፤ እሷ አልዳነችም። እትዬ ምስክር ወረቀት ሊሸለሙ ሲጠሩ ቀሩ፤ በዚያ ሰዓት፣ ከእናቴ ሌላ ሰው ያልነበረኝን እኔን ወደ ቤታቸው ሊወስዱኝ፣ እኛ ቤት ሆነው ልብሴን እያጣጠፉ ሻንጣ ውስጥ ያስገቡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው «ይህንን በእጁ የሚነካው ማነው?» እያሉ፣ መልስ ሳያገኙም ወንበራቸውን ስለማይለቁ፣ ሰብሳቢው «እትዬ፣ ዛሬስ እዘኑልንና ወደ ቤታችን እንግባ» እስኪሏቸው ደረሱ። ልብስ አጣቢዎችም ከኮሚቴው ጋር እንዲቀመጡ አስደረጉ። እኔን እንደ ዓይናቸው ብሌን አሳደጉኝ። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ትዳር ስይዝ እንኳ አልተቆጡኝም፤ «እናቷ ብትኖር ታስጨርሳት ነበር» እያሉ ራሳቸውን ወቀሱ እንጂ። ያ ጥፋት የእሳቸው እንዳልሆነ ብነግራቸው፣ አልሰማ አሉ።

ልባቸው ታሞ አልጋ ከያዙ በኋላ ልጄን እቅፋቸው ውስጥ ሳስቀምጥላቸው፣ «ውሰጃት፣ ይህ ለእኔ አይገባኝም» አሉኝ። አልወሰድኳትም፤ ትራሳቸውን አስተካከልኩ። ከትናንት በስቲያ ማለዳ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እትዬ አንድ ወንድማቸውን፣ አንዲት ልጃቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ዕድሜ ልካቸውን ራሳቸውን ያልማሩትን እኚህን እናት ፈጣሪ ይማርልን፤ ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን።

ወንድማቸው ስለ ቤተሰቡ ጽፈው በሰጡኝ ወረቀት ላይ «ያሳደጓት ልጅ» ይል ነበር። ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ለማንበብ ከመነሳቴ በፊት እስክሪብቶ ተውሼ የፊተኛዋን ቃል ሰረዝኳት።